ሣሩን አከራዩ፣ መስኩን አታከራዩ

ነሐሴ ላይ በአዊ ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚያልፍ መንገደኛ ግራና ቀኙን አይቶ «እዚህ አገር ከብት ምን ቸገረው?» ማለቱ አይቀርም። ከመኪናው ወርዶ አሥር እርምጃ ወደ መስኩ ቢገባ ግን ሌላ ነገር ያያል። አረንጓዴው ከመሬት ሁለት ጣት አይነሣም። የከብት ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ቋጥሯል። ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ የምትውለው ላም የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። ማሳው በሰብል ተይዟል፤ በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል ከሰብል የተረፈው ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል። ስለዚህ የመንደሩ ከብት፣ በግና ፈረስ በሙሉ ክረምቱን የሚያሳልፈው እዚያችው የወል መስክ ላይ ነው።

የወል መስክ ባለቤቱ ብዙ፣ ጠባቂው ጥቂት ነው። ከፊሉን ከልሎ ሣሩን ለአድላቢ ወጣቶች ማኅበር ወይም ለከተማ ወተት አምራች ማከራየት አንዱ መፍትሔ ነው። በደንብ ከተሠራ መስኩ ያገግማል፣ ቀበሌውም ገንዘብ ያገኛል። በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ሣሩም መስኩም ይሄዳል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የሚከራየው ሣሩ ነው። በዚህ ወር፣ በዚህ መንገድ፣ ለዚህ ያህል እንስሳ የሚሆን ሣር። መሬቱ ራሱ ውል ውስጥ ከገባ ጠብ መጥራት ነው።

ደረጃ 1፦ መስኩ የማን እንደሆነ አጥሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገጠር መሬት ደግሞ በግል፣ በወልና በመንግሥት ይዞታ ይለያል። «የቀበሌ መሬት» የሚባለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀበሌው የወል መስክ አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ሊቀመንበሩ ግን እንደ ራሱ ጓሮ ለፈለገው ሊሰጠው አይችልም። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የጤና ጣቢያ ቅጥርና የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል ሣር የተቋሙ ስለሆነ በተቋሙ አሠራር በጨረታ ይሸጣል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሣር ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ጉዳይ ነው። የወል መስክ ከሁለቱም ይለያል፤ ባለመብቱ እዚያ ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መስኩ በወል ይዞታነት ተመዝግቧል ወይ፣ ካርታ አለው ወይ፣ ስፋቱ ስንት ነው? በአማራ ክልል የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሲሆን የቀድሞውን ቁጥር 133/1998 ተክቶ የወጣ ነው። በፌዴራል ደረጃም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ አሁንም የድሮውን አዋጅ ቁጥር የያዘ የውል ቅጽ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ቅጽ ከመሙላት በባዶ ወረቀት መጻፍ ይሻላል።

ካርታው ሲገኝ ወርዳችሁ ወሰኑን በእግራችሁ ዙሩት። ከመስኩ ጋር የሚዋሰኑ ገበሬዎች፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አብረው ይዙሩ። በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ ወደ መስኩ የገፋ ማሳ መገኘቱ አይቀርም። የተገፋውን በሽማግሌ መልሱና ድንጋይ ተክላችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ይህን ሳትጨርሱ ተከራይ ካስገባችሁ የወሰኑ ጠብ ወደ ተከራዩ ይዞራል፤ እሱም «ያከራያችሁኝ 8 ሄክታር ነው፣ የተረከብኩት 6 ነው» ብሎ ኪራዩን ይይዛል።

ደረጃ 2፦ አንድ ላም ያላትን አስቀድሙ

የነዋሪው ጉባኤ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በእድር ቀን ቢጠራ ሰው ይሞላል። በስብሰባ ላይ ብዙ የሚናገረው ብዙ ከብት ያለው ነው። አንድ ላምና ሁለት በግ ያላት እማወራ ከኋላ ተቀምጣ ዝም ትላለች፤ መስኩ ሲከለል ግን መጀመሪያ የምትጎዳው እሷ ናት። ባለ ብዙ ከብቱ ማሳም ገለባም አለው። እሷ ያላት ያው መስክ ነው።

ስለዚህ ከመከለል በፊት በየጎጡ ቤት ለቤት ቁጠሩ፦ ማን ስንት ላም፣ በሬ፣ ፈረስ፣ አህያ፣ በግ አለው? ማንስ የግል ግጦሽ የለውም? ከዚያ መስኩን በሁለት ክፈሉት። አንዱ ክፍል ለነዋሪው እንደ ወትሮው ክፍት ይሁን፤ ሌላው ይከለል። ከግማሽ በላይ እንዲከለል የሚወተውት ሰው ቢኖር የማን ከብት የት ሊውል ነው ብላችሁ ጠይቁት። ከተከለለውም ቢሆን የተወሰነ ሸክም ድርቆሽ ለአቅመ ደካሞች በነፃ እንዲደርስ በቃለ ጉባኤው አስፍሩ። ከኪራዩ ገንዘብ ይካሳሉ ማለት አይበቃም። ገንዘቡ ወደ ድልድይና አዳራሽ ሲሄድ አይተናል፤ ላሟ ግን ድልድይ አትበላም።

ጉባኤተኛው አውቆ ይፈርም። የማይጽፍ በጣቱ ያትም። ሴቶች በባላቸው ስም ሳይሆን በራሳቸው ይፈርሙ።

መከለል ለአገራችን አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በመንዝ ጓሳ ነዋሪው ሣሩን ለዓመታት አግዶ የሚጠብቅበት ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ተመርጦለት፣ መከፈቻው ቀን ታውጆለት፣ የጣሰ እየተቀጣ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ዘልቋል። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ማግሥት፣ የአካባቢው የመሬት ሥሪት ሲለወጥ ነው። መስኩ እስከ ዛሬ መትረፉ ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ ስለያዘው ነው። አጥሩ ሽቦም ድንጋይም አልነበረም፤ ስምምነቱ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሣሩን መዝኑ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። አንድ ቀበሌ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፤ ስሙ ይቅር። ውሉ ግማሽ ገጽ ነበር። «ከሐምሌ እስከ መስከረም ለከብት ማድለቢያ» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ተከራዩ በመጀመሪያው ሳምንት 12 በሬ አስገባ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መስኩ ውስጥ ከ50 በላይ ከብት ነበር። ለካስ ሰውየው የሌሎችን ከብት በቁጥር እያስከፈለ ያስገባል። ኮሚቴው ሲጠይቀው ውሉን አውጥቶ «ቁጥር የት አለ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ቁጥር የለም። ጥቅምት ሲገባ ያ መስክ የጤፍ ማሳ መስሎ ነበር፤ ለዚያውም ለዘር የተረገጠ።

ሣር ለመመዘን መሐንዲስ አያስፈልግም። አንድ አንድ ሜትር የሆኑ አራት ዱላዎችን አሥራችሁ አራት ማዕዘን ሥሩ። መስከረም ላይ ሣሩ ሲያፈራ መስኩን አቋርጡና በየቦታው ዱላውን ወርውሩ። ያረፈበትን ሳትመርጡ በማጭድ እጨዱ፤ መቼም ሰው ነንና እጃችን ወደ ለምለሙ ይሳባል። ቢያንስ አሥር ቦታ ይሁን። የታጨደውን ለየብቻ ፀሐይ ላይ አስጡት። በእጅ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ደርቆ በሱቅ ሚዛን ይመዘን። ርጥብ ሣር አብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ርጥብ ሲደርቅ ሩብ ኪሎ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። የአሥሩ ቦታ አማካይ 300 ግራም ደረቅ ሣር ሆነ እንበል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ 3,000 ኪሎ ይወጣዋል። ሄክታሩ በእኛ አገር አቆጣጠር አራት ቃዳ መሆኑ ነው። የተከለለው 8 ሄክታር ከሆነ 24,000 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን የሚበላ አይደለም። ከብት ከተሰማራበት ግማሹ ይቅር፤ ከፊሉ ይረገጣል፣ ከፊሉ ለሥሩና ለዘሩ ያስፈልጋል። የቀረው 12,000 ኪሎ ነው።

አሁን ወደ በላተኛው እንዙር። እንስሳ በቀን የክብደቱን ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በቀን 6 ኪሎ ከሩብ፣ በወር 190 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን 250 ኪሎ እንደ መለኪያ ይወስዱና የአገራችንን ከብት 0.7፣ ፈረስን 0.8፣ አህያን 0.5፣ በግና ፍየልን 0.1 ብለው ይቆጥራሉ። 12,000ን ለ190 ስናካፍል 63 ይመጣል። ለ0.7 ስናካፍለው ደግሞ 90። መስኩ የሚችለው እንግዲህ 90 «የከብት ወር» ነው፦ 30 ከብት ለሦስት ወር፣ ወይም 45 ከብት ለሁለት ወር። የዚያ ቀበሌ ውል ያጣው ይህችን ቁጥር ነበር።

አሜሪካኖች በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ጀምረው የመንግሥትን ግጦሽ ለአርቢ የሚያከራዩት በዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። አንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም አንድ ፈረስ፣ ወይም አምስት በግ ለአንድ ወር የሚበላው አንድ ሒሳብ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የአንዱ ዋጋ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ ርካሽነቱ እዚያው አገር ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነው። ዋጋቸውን አትከተሉ፣ አቆጣጠራቸውን ግን ውሰዱ።

ደረጃ 4፦ ይታጨድ ወይስ ይሰማራ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ይታጨድ። በአዊ ደጋ ክረምቱ ከባድ ነው፤ መስኩ ጨፌ ይሆናል። በረጠበ መሬት ላይ የገባ በሬ በአፉ ከሚበላው ይልቅ በእግሩ የሚያጠፋው ይበልጣል። አጭዶ ማብላት ድካሙ የተከራዩ ነው፣ ትርፉ ግን የሁለቱም ነው። የሚረገጥ ስለሌለ ከግማሽ ይልቅ ሁለት ሦስተኛውን መውሰድ ይቻላል፤ ከ24,000 ኪሎው 16,000 ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እንዲህ ያለ ረግረግ ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይራባሉ፤ የጉበት ትል የሚተላለፈው በእነሱ በኩል ነው። ከብቱ ውኃ ዳር ያለውን ለምለም ሣር ሲግጥ ይይዘዋል፤ ከሳ፣ ጠጉሩ ቆመ፣ ከመንጋጋው ሥር አበጠ ይባላል። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ አደጋው ያነሰ ነው። ከብት ማሰማራት የግድ ከሆነ ጨፌውን ክፍል ለይታችሁ አስቀሩና ደረቁን ብቻ አከራዩ። ተከራዩ ከማስገባቱ በፊት ከብቶቹ የትል መድኃኒት ማግኘታቸውንና የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎሮርሳ ክትባታቸው የተሟላ መሆኑን የእንስሳት ሐኪሙ ያረጋግጥ። ከውጭ የመጣ በሽተኛ ከብት የመንደሩን ከጨረሰ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ መሄድ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለ ፈረስ ዝም ብሎ ማለፍ በአዊ አይቻልም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ናቸው፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየውን ያየ ያውቀዋል። ፈረስ የክብር እንስሳ ነው፤ ግን አበላሉን እወቁ። ላም ሣሩን በምላሷ ጠምጥማ ስለምትነቅል አጭሩን መንከስ አትችልም። ፈረስ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ አለው፤ እንደ መቀስ ከሥር ይቆርጣል። ስለዚህ ፈረስና ላም አንድ ላይ ከገቡ፣ ላሟ የተወችውን ፈረሱ እስከ አፈር ያወርደዋል። ክፍት በሚቀረው ክፍል ለፈረስ የራሱ ቦታና የራሱ ወር ይኑረው። የጥር ጉግስ ያማረ እንዲሆን የሚፈልግ ሁሉ በታኅሣሥ ድርቆሽ ማስቀመጡን ያስብ፤ ያ ድርቆሽ ከተከለለው መስክ ሊገዛ ይችላል፣ ፈረሰኛም ጥሩ ደንበኛ ነው።

ደረጃ 5፦ መነሻ ዋጋ አውጡና ጨረታ ጥሩ

ዋጋ በግምት አይወጣም። የጨረታውን ሳምንት የድርቆሽ ዋጋ በዳንግላና በእንጅባራ ገበያ ጠይቁ። ለማጨጃ፣ ለመገልበጫ፣ ለማጓጓዣና ለክምር የሚወጣውን ቀንሱ። የቀረውን ከተከራዩ ጋር ተካፈሉ፤ ዝናብ ቢያበሰብሰው ኪሳራው የእሱ ነውና ድርሻ ይገባዋል። ለስሌት ያህል ኪሎው 10 ብር ቢሸጥና ወጪው 4 ብር ቢሆን፣ ከቀሪው 6 ብር ግማሹ 3 ብር ነው። 16,000 ኪሎ በ3 ብር ሲባዛ 48,000 ብር ይመጣል። መነሻው ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የሚሰጥ ካለ አጭዳችሁ ራሳችሁ ብትከምሩት ይሻላል።

ማስታወቂያው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን በርና በገበያ መግቢያ ይለጠፍ፤ ቢያንስ ሁለት ገበያ ይለፍበት። ተጫራቹ ማስያዣ ያስይዝ። የቀበሌው ወጣት ማኅበር ቅድሚያ እንዲኖረው ጉባኤው ከወሰነ፣ ቅድሚያው በዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ለምሳሌ ከከፍተኛው ዋጋ በመቶ አሥር ቢያንስም ያሸንፋል ተብሎ። «ለልጆቻችን እናስብ» እየተባለ በጓሮ የተሰጠ መስክ በመጨረሻ የአንድ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ማኅበሩ በወረቀት አሥር፣ በመስኩ ላይ አንድ ሰው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር አባላቱን በአካል እዩዋቸው።

ደረጃ 6፦ ውሉን እንዲህ ጻፉት

ውሉ በአራት ቅጂ ይሁን፦ ለተከራዩ፣ ለኮሚቴው፣ ለቀበሌው፣ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት። ወረዳው ካልመዘገበው ገና ወረቀት ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ይህን የመሰለ ይሁን፦

«ተከራይ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ በድንጋይ ወሰን በተለየው 8 ሄክታር መስክ ላይ የበቀለውን ሣር በማጭድ አጭዶ ይወስዳል። በመስኩ ላይ ከብት አያሰማራም፣ አያርስም፣ ዛፍ አይተክልም፣ ቤትም ሆነ በረት አይሠራም፣ ለሦስተኛ ወገን አያስተላልፍም። ከጥቅምት 30 በኋላ በመስኩ ላይ ምንም መብት የለውም።»

«ዛፍ አይተክልም» የምትለዋ እንዳትወድቅ። ባሕር ዛፍ ወይም ዲከረንስ ተተክሎ ካደገ በኋላ ተከራይን ማስወጣት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቃል። «ንብረቴ ነው» ይላል፤ የተከለው እሱ ነውና ሽማግሌውም ይራራለታል።

ማሰማራት ከሆነ የከብቱን ቁጥር በአኃዝና በፊደል ጻፉ፤ ቀለሙና ምልክቱ በአባሪ ይያያዝ። እበቱ መስኩ ላይ እንደሚቀር አስፍሩ። የአዊ አፈር አሲዳማ ነው፣ ኖራ የሚጠይቅ፤ እበቱ ለኩበት ከተለቀመ መስኩ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። የማጨጃው ከፍታም ይጠቀስ፤ ከአራት ጣት በታች የታጨደ ሣር ዳግም ለመብቀል ይቸገራል። ቅጣቱ በከብት ቁጥር ይሁን፦ ከቁጥር በላይ ለገባ ለእያንዳንዱ ከብት በቀን ይህን ያህል። ጠቅላላ ቅጣት ተብሎ የተጻፈ ተከፍሎ አያውቅም። ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይበል፤ የሽማግሌዎቹ ስም እዚያው ይጻፍ።

ዘመኑስ? ብዙ ዓመት አትስጡ። ለአጭዶ ማብላት በዓመት የሚታደስ ውል ይበቃል። ተከራዩ ደሾ ሣር ተክሎ መስኩን አሻሽላለሁ ካለ ልፋቱን የሚመልስበት ሦስት አራት ዓመት ይገባዋል፤ ያኔም በየዓመቱ መስከረም ላይ ሣሩ እየተመዘነ ኪራዩ ይስተካከል።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ

ጥሬ ገንዘብ በእጅ አትቀበሉ። በኮሚቴው ስም ሒሳብ ክፈቱ፤ በየወረዳው ቅርንጫፍ ያለው ጸደይ ባንክ፣ የድሮው አብቁተ፣ ለዚህ ቅርብ ነው። ፈራሚው ሦስት ሰው ይሁን፣ አንዷ ሴት። ግማሹ በፊርማ ቀን፣ ግማሹ አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ይከፈል። ከአጨዳ በኋላ የሚከፈል ኪራይ ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። በዓመት ሁለቴ የገባውና የወጣው በጉባኤ ይነበብ፤ ለዘበኛ፣ ለዘር፣ ለወሰን ድንጋይ የወጣው መጀመሪያ ይነገር።

ደረጃ 8፦ ጥበቃ

ዘበኛ ቅጠሩ፤ ደመወዙም ከኪራዩ ይከፈል። በነፃ ጠብቅ የተባለ ሰው እስከ ሐምሌ ይጠብቃል፣ ነሐሴ ላይ የራሱን ጥጃ ያስገባል። ኮሚቴው በየ15 ቀኑ መስኩን ይዙር። የገባ ከብት ይያዝ፣ ይመዝገብ፣ ባለቤቱ ቅጣቱን ከፍሎ ይውሰድ፤ የሊቀመንበሩ ከብት ከሆነ ደግሞ በተለይ ይያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያው ቅጣት ማን ላይ እንደሚወድቅ መንደሩ ሁሉ እያየ ነው።

ለእናንተ፣ ለተከራዮች

ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ አትሁኑ። ከመፈረማችሁ በፊት መስኩን ራሳችሁ ዙሩት፤ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አሳዩን በሉ። ሕዝቡ ያልፈረመበትን መስክ ሊቀመንበሩ ቢሰጣችሁ ሣሩ በሌሊት ይታጨዳል፣ የምትከሱት ሰውም አታገኙም። የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ስለማይታመን አጫጅና ሸራ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በፋግታ ለኮማ በኩል ያላችሁ ደግሞ ዲከረንስ የተከለውን ጎረቤት ጠይቁ፤ ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይበቅላል፣ በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መሐል ጥሩ ሣር ይወጣል። ባለ ዛፉ ለማጨድ ጊዜ የለውም፤ ቶሎ ከደረሳችሁ በርካሽ ይሰጣችኋል።

ለጀማሪ ቀበሌ ቀን ልስጥ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አታከራዩ፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ከልሉ፣ መስከረም ላይ መዝኑ፣ የቆመውን ሣር እዚያው በጨረታ ሽጡ። በሁለተኛው ዓመት ያንን ልኬት ይዛችሁ ሚያዝያ ላይ ጉባኤ፣ ግንቦት ላይ ጨረታና ውል። ዝናቡ ከገባ በኋላ ተቻኩሎ የተፈረመ ውል ቁጥር የለውም፣ ወሰን የለውም። እስከ ግንቦት 30 ካልፈረማችሁ ዘንድሮን ተዉትና መስከረም ላይ የቆመውን ሣር ሽጡ።